ጥርኝ ውኃውና ሰባ ስምንቱ

አማርኛችን ስለ ንስሐ ሲናገር የሚመርጠው ግስ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ንስሐ «አይደረግም»፤ ንስሐ «ይገባል»። ሰባኪው ዐውደ ምሕረት ላይ ቆሞ «ንስሐ ግቡ!» ሲል፣ ደጅ በብርድ የቆመውን ሰው ወደ ሞቀ ቤት የሚጠራ ይመስላል። እኛም የምንሰማው እንደዚያ ነው፤ በሩ አልተዘጋም፣ እሳቱ ነዷል፣ ግባ። ደስ የሚል ሥዕል ነው፤ ሐሰትም አይደለም። ነገር ግን «ገባ» የተባለው ግስ ሌሎች ዘመዶችም አሉት። ሰው ቃል ይገባል፤ ውል ይገባል፤ ስለት ይገባል። ሰው ዕዳም ይገባል። «ንስሐ ገባ» የሚለው አነጋገር ከሞቀው ቤት ይልቅ ለእነዚህ የሚቀርብ ይመስለኛል። እንዲህ የገባ ሰው ገና አላረፈም፤ የሚፈጽመው ነገር ተቀብሏል።

አዳማ ለሚኖር ሰው ይህን ማስተዋል አይከብደውም፤ በአንድ ጎዳና ሁለት ቋንቋ ይሰማልና። ከአንዱ ደጃፍ ድምፅ ማጉያው በአማርኛ «ንስሐ ግቡ» ሲል፣ ከሌላው ደጃፍ በአፋን ኦሮሞ «ቀልቢ ጂጂረቹ» ይባላል፤ ቃል በቃል ቢፈታ ቀልብን መለወጥ ማለት ነው። ቀልብ የእኛም ቃል ነው። «ቀልብህን ግዛ»፣ «ቀልብ የለውም» እንላለን። የወንጌሉ የግሪክ ቃል፣ «ሜታኖያ»፣ ከዚሁ ብዙ አይርቅም፤ የሐሳብ መለወጥ ነው። የጠፋው ልጅ ታሪክም በአማርኛው መጽሐፍ ሲነገር፣ ልጁ አስቀድሞ የተመለሰው ወደ አባቱ ሳይሆን ወደ ልቡ ነው። እንግዲህ ኦሮምኛው ነገሩን ከውስጥ ይጀምረዋል፤ አማርኛው ደግሞ ከግዴታው። (ለነገሩ ከተማዋ ራሷ በዚህ ጉዳይ እንግዳ አይደለችም። አዳማ ስትባል ኖራ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ናዝሬት የሚል የክርስትና ስም ወጣላት፤ ጎረቤቷ ቢሾፍቱም ደብረ ዘይት ተባለች፤ በ1992 ዓ.ም. አዳማ ወደ ቤት ስሟ ተመለሰች። ከተማ ክርስትና ስትነሣ የንስሐ አባቷ ማን እንደነበረ ግን አልሰማሁም።)

እኔ የነገረ መለኮት ሰው አይደለሁም። ስለ ንስሐ ምሥጢርነት ሊቃውንቱ ይናገሩ። እኔን የሚያገባኝ ሌላ ነገር ነው። ንስሐ ምን እንደሆነ ከትምህርት ይልቅ በተረክ የተማርን ሕዝብ ነን፤ ተረክን መመርመር ደግሞ የሂያሲ ሥራ ነው። ከተረኮቹም መካከል አንዱ ከሁሉ ይልቅ በአእምሯችን ተስሏል፤ የበላዔ ሰብእ ታሪክ።

ታሪኩን የማያውቅ አንባቢ ብዙ ይኖራል ብዬ አልገምትም፤ ቢሆንም ላስታውስ። ቅምር በተባለች አገር የሰው ሥጋ የሚበላ ሰው ነበረ። (ሰባክያን ሲተርኩት፣ ሰውዬው ቀድሞ እንግዳ ተቀባይ ደግ ሰው እንደነበረ፣ ሰይጣን በእንግዳ ተመስሎ መጥቶ ልጁን እንዲያርድለት እንደጠየቀው፣ ከዚያች ቀን ወዲህም ጠባዩ እንደተለወጠ ይጨምራሉ።) ቤተ ሰቡንም ሌላውንም በላ፤ 78 ነፍስ። አንድ ቀን ገላውን ቁስል የወረሰው ድኻ አገኘ። ድኻው ውኃ ተጠምቶ ነበርና ለመነው። በእግዚአብሔር ስም ለመነው፤ እምቢ አለ። በእመቤታችን ስም ሲለምነው ግን ይህን ስም በልጅነቱ መስማቱ ትዝ አለውና ጥርኝ ውኃ ሰጠው። ሲሞት ሥራው በሚዛን ተቀመጠ፤ በአንድ ወገን 78ቱ ነፍሳት፣ በአንድ ወገን ያቺ ጥርኝ ውኃ። እመቤታችን ጥላዋን በውኃው ላይ ጣለች፤ ውኃው መዘነ። ሰውዬው ዳነ።

ተአምረ ማርያም በ14ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ገደማ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ ተመልሶ፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ንባቡ በየቤተ ክርስቲያኑ የጸና መጽሐፍ ነው። ከውጭ በመጡት ተአምራት ላይ አገራችን የራሷን እየጨመረች ሄዳለች። ከእነዚያ ሁሉ ግን እንደ በላዔ ሰብእ ከመጽሐፉ ወጥቶ ግድግዳ ላይ የወጣ፣ ከግድግዳም ወርዶ አያት ለልጅ ልጇ የምታወራው የሆነ ጥቂት ነው። የጎንደርና የጣና አብያተ ክርስቲያናት ሠዓሊዎች የሰው ገላ ይዞ ሲበላ፣ ውኃ ሲያጠጣ፣ በመጨረሻም ሚዛኑ ፊት ሲቆም ደጋግመው ስለውታል። የካቲት 16 ቀን፣ የኪዳነ ምሕረት ዕለት፣ ናዝሬትም ሆነ ዝዋይ፣ ሞጆም ሆነ መተሐራ፣ ታሪኩን ሳይሰማ ከቤተ ክርስቲያን የሚወጣ ሰው የለም ማለት ይቻላል።

ይህ ታሪክ የክርክር ማገዶ ሆኖ መኖሩም የታወቀ ነው። ናዝሬት ደግሞ ለዚህ ክርክር የተመቸች ከተማ ናት። ከጣሊያን ወረራ በኋላ የመጡት ሜኖናይቶች ሆስፒታልና የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ከከፈቱባቸው ቦታዎች አንዷ እሷ ናት፤ በ1950ዎቹ የተማሪዎቹ «ሰማያዊ ብርሃን» የተነሣው እዚያ ነው፤ የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንም ደርግ በ1974 ዓ.ም. ዘግቷት፣ ንብረቷን ወርሶና መሪዎቿን አስሮ ሳለ በየቤቱ ተደብቃ የበዛችው በዚሁ አካባቢ ጭምር ነው። ስለዚህ በአንድ ግቢ ተከራይተው የሚኖሩ ሁለት ጎረቤቶች ቡና ላይ ተቀምጠው «78 ሰው የበላ በጥርኝ ውኃ ይድናል?» «ለምን አይድንም? የእመቤታችንን ቃል ኪዳን ትክዳለህን?» ሲባባሉ መስማት በዚያ ከተማ ብርቅ አይደለም። አንዱ ውኃው ያንሳል ይላል፤ ሌላው ውኃው ይበቃል ይላል።

እኔን ያስገረመኝ ሁለቱም ስለ ውኃው መከራከራቸው ነው። ስለ 78ቱ የሚናገር የለም።

ታሪኩን እንደ ተረክ እናንብበው። የመጀመሪያው ነገር፣ በላዔ ሰብእ ውኃ ያጠጣው ሊበላው ያልቻለውን ሰው ነው። ድኻው ቁስለኛ ነው፤ ለመብል አይሆንም። ጤነኛ ሰው ቢሆን ኖሮ 79ኛ በሆነ። ይህን ተራኪው በከንቱ አላስገባውም፤ ለሰውዬው ጥቅም የማይሰጠው ብቸኛ ሰው ነው ከውስጡ ርኅራኄ ያወጣው። ሁለተኛው ነገር፣ ሰውዬውን የቀሰቀሰው ፍርሃት አይደለም፤ ትዝታ ነው። በልጅነት የተሰማ ስም። ኦሮምኛው «ቀልብን መለወጥ» የሚለው እዚህ ላይ ይታያል፤ ሰው ሥጋ ከመሆኑ በፊት ሰው የነበረበት ጊዜ ትዝ አለው። እስከዚህ ድረስ ታሪኩ ድንቅ ነው፤ በጥቂት ዐረፍተ ነገር ይህን ያህል የሚያደርግ ዘመናዊ አጭር ልብ ወለድ ብዙ አላነበብኩም።

ሦስተኛው ነገር ግን ያሳስበኛል። ተራኪው ሙታኑን ቆጥሯቸዋል። «ብዙ ሰው በላ» ብሎ ማለፍ ሲችል 78 ብሏል። ቆጥሮም ሚዛኑ ላይ አስቀምጧቸዋል። ነገር ግን አንዳቸውም አይናገሩም። ከመካከላቸው ሚስት አለች፣ የገዛ ልጅ አለ፣ ቤተኛ አገልጋይ አለ፤ ቀና ብለው የሚሉት የለም። ውኃው ሲመዝን እነሱ ያሉበት ወገን ብድግ ይላል፣ ከዚያ በኋላ ከታሪኩ ይወጣሉ። ታሪኩ የተጻፈው ስለ እመቤታችን አማላጅነት ነው፤ ለዚያ ዓላማው ሙሉ ነው፤ እኔም በዚያ አልከራከርም። ችግሩ እኛ ይህን የአማላጅነት ታሪክ አንሥተን የንስሐ ታሪክ ማድረጋችን ነው። ንስሐን በዚህ ስንማር፣ በዳይና ይቅር ባይ ብቻ ያሉበት፣ ተበዳይ የሌለበት ጨዋታ አድርገን ተማርነው።

ለዚህ ቅምርን ብቻ መውቀስ አይገባም። ከዚያ የሚበልጠውን የንስሐ መዝሙር፣ የዳዊትን 50ኛውን፣ እንመልከት። ካህኑም ምእመኑም በቃሉ የሚያውቀው ነው። ዳዊት የሰው ሚስት ወስዶ ባሏን ኦርዮን በጦር ሜዳ ካስገደለ በኋላ የጸለየው ነው ይባላል። በዚያ ጸሎት ውስጥ ንጉሡ የበደልኩህ አንተን ብቻ ነው እያለ ለአምላኩ ይናገራል። ብቻ! ኦርዮ የት ሄደ? ሊቃውንቱ ይህን በሚገባ ይፈቱታል፤ ኃጢአት ሁሉ በመጨረሻ በእግዚአብሔር ፊት መሆኑን ለመናገር ነው ይላሉ። ፍቺው ትክክል ነው። ግን መዝሙሩን ከነ ነቢዩ ናታን ካላነበብነው ይጎድለናል። ናታን ወደ ቤተ መንግሥት የመጣው ስለ አንድ ድኻና ስለ አንዲት በግ ተረት ይዞ ነው፤ ንጉሡ በተረቱ ተቆጥቶ ፈርዶ ሲያበቃ ነው ሰውዬው አንተ ነህ የተባለው። በዚያ ተረት ውስጥ ድኻው አለ፤ በጓ አለች፤ ከልጆቹ ጋር እንዴት እንዳደገች፣ ምን እንደበላች ሳይቀር ተነግሯል። ናታን ተበዳዩን አስቀድሞ ነው ዳዊትን ወደ ልቡ የመለሰው። እኛ መዝሙሩን በቃላችን ስንይዝ ተረቱን ግን ረስተነዋል።

ይህ የመጽሐፍ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አዳማ ውስጥ፣ የአንድ ወዳጄ ዘመድ ጋብዞኝ፣ ምስክርነት የሚሰጥበት ጉባኤ ላይ ተገኝቼ ነበር። አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። ጠና ያለ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የቆለፈ ሰው ወጣና የእህል ነጋዴ እንደነበረ ተናገረ። ለዘጠኝ ዓመት ሚዛኑ በኩንታል ሦስት ኪሎ ይሰርቅ ነበር። ገበሬ ሲያመጣ በአንድ ሚዛን ይገዛል፣ ለከተማው ሰው ሲሸጥ በሌላ ሚዛን ይሸጣል። በዚያ ገንዘብ ቤት ሠራ፣ መኪና ገዛ፣ ጠጣ፣ ታመመ። ከዚያ ጌታን አገኘ። እንባው በጉንጩ እየወረደ «ያንን ሚዛን ተሸክሜ ሄጄ አዋሽ ወረወርኩት!» ሲል አዳራሹ በሃሌ ሉያና በጭብጨባ ተናወጠ። እኔም ልቤ ተነክቷል፤ ሰውዬው ሲዋሽ አልነበረም። ከጎኔ የተቀመጡ፣ ነጠላቸውን በወገባቸው ያሰሩ እናት ግን አላጨበጨቡም። ወደ እኔ ዘንበል ብለው በቀስታ «ጤፉስ፣ ልጄ?» አሉኝ።

ጤፉስ? በወንጌል ቀራጩ ዘኬዎስ የተመሰገነው ከሾላው ዛፍ ላይ ስለወረደ ብቻ አይደለም። ሲወርድ ሒሳብ ተናግሯል፤ ግማሽ ሀብቱ ለድኾች፣ ያታለለውን ደግሞ አራት እጥፍ ሊመልስ። የንስሐ ታሪኮች ሁሉ ሲቆጠሩ ቁጥር የተነገረበት፣ ለማን እንደሚመለስም የታወቀበት ይኸው ነው። መዳን ለዚህ ቤት ሆነ የተባለው ከዚህ ቁጥር በኋላ ነው።

የጉባኤውን ሰው ብቻ አንሥቼ የንስሐ አባቶቹን ልተው አልፈልግም። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ትምህርት በዚህ በኩል ጥብቅ ነው። ጸጸት አለ፤ ኑዛዜ አለ፤ ቀኖና አለ። የሰው ገንዘብ የያዘ ሰው ሳይመልስ «ይፍታህ» አይባልም፤ የተጣላም ሳይታረቅ አይቆርብም። ሕጉ ይህ ነው። ከተማ ውስጥ ያለው ኑሮ ግን ሌላ ነው። የንስሐ አባት ብዙ ጊዜ የዐውደ ዓመት እንግዳ ሆነው ቀርተዋል፤ መጥተው ጠበል ይረጫሉ፣ ዳቦውን ይባርካሉ፣ ከቀረበው ይቀማምሳሉ፣ ይሄዳሉ። እውነቱን ለመናገር፣ ብዙዎቻችን የነፍስ አባት የምንይዘው እድር በምንገባበት ምክንያት ነው፤ ስንሞት እንዳንቸገር። እሳቸውም ያለባቸው የነፍስ ልጅ ብዛት የእያንዳንዱን ሚዛን እንዲመረምሩ አያስችላቸውም። እናም ቀኖናው ወደ ስግደት ቁጥር ይወርዳል፤ ይህን ያህል ስግደት፣ ይህን ያህል አቡነ ዘበሰማያት። ስግደት ለሰጋጁ ጥሩ ነው። ሦስት ሦስት ኪሎ የተሰረቀበት የቦሰት ገበሬ ግን ከዚያ ስግደት አንዲት ፍሬ አይደርሰውም።

(ኩሉቢን ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። ታኅሣሥ 19 ሲቃረብ የአዲስ አበባ መኪና ሁሉ አዳማን አቋርጦ ወደ ምሥራቅ ይጎርፋል፤ ሁሉም ስለት ይዟል። ስለት የምስጋና ነገር ነው፤ ሰው በመከራው ጊዜ የገባውን ቃል ሲፈጽም ማየት ደስ ይላል። ነገር ግን ከቀረጥ የተሰረቀ ገንዘብ ወርቅ ዣንጥላ ሆኖ ሲገባ ስንት ጊዜ ሰምተናል! ይህ ንስሐ አይደለም፤ ገብርኤልን ሸሪክ ማድረግ ነው።)

ወደ ሪፍት ሸለቆው ሰው ስንመለስ የጎደለንን ነገር የሚያውቁ ጎረቤቶች አሉን። የእስልምና መምህራን ተውባን ሲያስተምሩ፣ በአላህና በሰው መካከል ያለውን ከሰውና ከሰው መካከል ካለው ይለያሉ፤ የኋለኛው ባለቤቱ ካልተመለሰለት ወይም ካልተወው አይሠረዝም ይላሉ። «የሰው ሐቅ» የሚለው አነጋገር ወደ ሁላችንም አማርኛ የገባው ከዚህ ነው። «አፉ በለኝ» የምንለውም እንዲሁ። ልብ በሉ፤ «አፉ በለኝ» የሚባለው ፊት ለፊት ቆሞ ለአንድ ሰው ነው። በሌለበት አይባልም።

ጉማ ደግሞ አለ። በአርሲም በቱለማም ኦሮሞ ዘንድ ሰው የገደለ ሰው ወገን ይርቃል፤ ሽማግሌዎች በመካከል ይገባሉ፤ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው ጠብን ይከለክላሉ። ዕርቁ የሚጀምረው ግን ገዳዩ መግደሉን ሲያምን ነው። አላውቅም የሚል ሰው ጉማ አይገባም። ከዚያ ቀድሞ በከብት፣ አሁን አሁን በገንዘብ ጭምር የሚቆጠር ካሳ ይወሰናል፤ የሟች ወገን ይቀበላል ወይም አይቀበልም፤ በመጨረሻም ሁለቱ ወገን አብረው ይበላሉ። በአማራውም አገር በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ከተበዳይ ደጅ የሚወድቅበት ሥርዓት የዚሁ ዘመድ ነው። ቃሉ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ ሚሼል ፓፓታኪስ በ1966 ዓ.ም. «ጉማ» የተባለ ፊልም ሠርቷል፣ የአገራችን የፊልም ሽልማትም በዚያ ስም ይጠራል። ሆኖም ጉማንም ወርቅ ቀብቼ ላቅርብ አልልም። ካሳውን ጎሳው ስለሚያዋጣ ገዳዩ ራሱ ቀልቡን ሳይለውጥ ሊያልፍ ይችላል። ሴት ልጅ ስትጠለፍ ሽማግሌዎች ከአባቷ ጋር ተስማምተው ነገሩን ሲጨርሱት ደግሞ፣ ያችን ልጅ የጠየቃት የለም፤ ተበዳይዋ እዚያም ከሚዛኑ ላይ ጠፍታለች። ከቤተ ክርስቲያኑ ጸጸት ሳይወስድ ጉማው ጎዶሎ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑም ከጉማው የሟችን ወገን ካልጠራ እንዲሁ።

ነገሩ በግለሰብ ደረጃ እንዲህ ከሆነ በአገር ደረጃ ሲመጣ ምን ይመስላል? አንድ ናሙና አለን። በታኅሣሥ 1987 ዓ.ም. የተጀመረው የደርግ ባለሥልጣናት ችሎት 12 ዓመት ፈጅቶ በታኅሣሥ 1999 የጥፋተኝነት ውሳኔ ተሰጠበት፤ ቆይቶም የሞት ፍርድ መጣ። ከዚያ የሃይማኖት አባቶች በመካከል ገቡ። እስረኞቹ የኢትዮጵያን ሕዝብ ይቅርታ መጠየቅ እንደሚፈልጉ ተነገረ። በግንቦት 2003 የሞቱ ፍርድ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ፤ በመስከረም 2004 ብዙዎቹ ከወኅኒ ወጡ። እኔ ሰው በመሰቀሉ ከሚደሰቱት ወገን አይደለሁም፤ በመውጣታቸውም አልተከፋሁም። የሚከነክነኝ «የኢትዮጵያ ሕዝብ» የሚለው ነው። ይህ ከዳዊት «አንተን ብቻ» ጋር አይመሳሰልም? ሕዝብ ትልቅ ነው፤ ሰፊ ነው፤ ፊት የለውም። ሕዝብን ይቅርታ መጠየቅ የአንዲትን እናት ደጅ ከማንኳኳት ይቀላል። ከተጎጂ ቤተ ሰቦች መካከል ነገሩን የተቃወሙ ነበሩ፤ ድምፃቸውም ተሰምቶ ነበር፤ በሽምግልናው ግን የእነሱ እምቢታ ምን ቦታ እንደነበረው ማንም በግልጽ አልነገረንም። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቃለን፤ የተወጋው አለመርሳቱን ግን እንደ ቂም ቆጥረን ቶሎ እንቆጣዋለን። «ሆድ ይፍጀው» እንለዋለን። ሆድስ ስንቱን ይፍጅ?

ከእስር ከወጡት መካከል የጻፉ አሉ። የፍቅረ ሥላሴ ወግደረስ «እኛና አብዮቱ»፣ የፍስሐ ደስታ «አብዮቱና ትዝታዬ» ብዙ አንባቢ አግኝተዋል፤ ለታሪክ ጸሐፊም ይጠቅማሉ። በእኔ ንባብ ትዝታ ናቸው፤ ኑዛዜም ናቸው የሚል አንባቢ ካለ ይጻፍና እንከራከር። ሁለቱም በርዕሳቸው አብዮቱን ያስቀድማሉ ወይም ያስከትላሉ፤ ሟቹ በርዕስ ላይ የለም።

በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ አጽድቋል። ፖሊሲው እውነት ማፈላለግን፣ ክስን፣ በቅድመ ሁኔታ የሚሰጥ ምሕረትን፣ ለተጎጂዎች የሚሰጥ ማካካሻን፣ ዕርቅን አንድ ላይ ይዟል፤ ባህላዊ ሥርዓቶችንም ይጠቅሳል። ወረቀቱን ለሕግ ሰዎች እተዋለሁ። እንዲህ ያለ ነገር ወደ ሥራ ሲወርድ ግን የሚሠራው በየከተማው ባሉ ሽማግሌዎችና ካህናት፣ ፓስተሮችና ሼኮች ነው፤ እነሱ ደግሞ ንስሐን የሚያውቁት በለመዱት ተረክ ነው። ስለዚህ የተረኩ ጉዳይ የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ቅንጦት አይመስለኝም።

ልብ ወለዶቻችንስ? ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» የነፍስ አባትን ነገር ያለ ርኅራኄ አሳይተውናል፤ የፊታውራሪ መሸሻ ነፍስ አባት ነፍስ ከማዳን ይልቅ ጌታቸውን ማስደሰት የሚቀላቸው ናቸው። ሐዲስ ያፈረሱትን በደንብ አፍርሰዋል። ከዚያ ወዲህ ግን፣ እኔ ባነበብኳቸው፣ ንስሐ የሚመጣው በሁለት ቦታ ነው፤ በሞት አልጋ ላይና በገዳም። ሁለቱም ተበዳይ የማይደርስባቸው ቦታዎች ናቸው። አልጋው ላይ ያለው ሊሞት ነው፤ የመነነው ርቋል። ኑዛዜው ያምራል፣ አንባቢው ያለቅሳል፣ መጽሐፉ ይዘጋል። በዳዩ በማግስቱ ተነሥቶ፣ ልብሱን ለብሶ፣ አውቶቡስ ተሳፍሮ፣ የበደለው ሰው ቤት ሄዶ፣ በሩ ሲከፈት ምን እንደሚል የጻፈ ደራሲ ቢኖር ደስ ባለኝ። እዚያ ላይ ነው ልብ ወለድ የሚያስፈልገን፤ ስብከት እዚያ ድረስ አይሄድማ።

ሌላ አገር ይህን ሞክረዋል። ሌዎ ቶልስቶይ በ1899 እ.ኤ.አ. ያሳተመው «ትንሣኤ» የተባለው ልብ ወለድ መኳንንቱን ኔክልዩዶቭን ዳኞች መካከል አስቀምጦ ይጀምራል። ተከሳሿ ሴት ስትገባ ያውቃታል። ማስሎቫ ናት፤ በወጣትነቱ በአክስቶቹ ቤት ያሳሳታት፣ በማግስቱ መቶ ሩብል በእጇ አስጨብጦ የሄደው። እሷ ከዚያ በኋላ ወደ ሴተኛ አዳሪነት ወርዳለች፤ አሁን ደግሞ በሰው መግደል ተከሳለች፤ በዳኞቹ ስሕተትም ወደ ሳይቤሪያ ይፈረድባታል። ኔክልዩዶቭ ይጸጸታል። ቶልስቶይ በዚህ ቢያቆም ኖሮ የእኛን የመሰለ መጽሐፍ ይሆን ነበር። ግን ሰውዬውን ወኅኒ ቤት ይወስደዋል፤ እልፍ አስከልካይ አልፎ፣ በፍርግርግ ማዶ ፊቷ ያቆመዋል። ይቅርታ ይጠይቃታል፤ ላግባሽ ይላታል። እሷ ትቆጣለች። በዚያች ሌሊት በእኔ ደስታህን ፈለግህ፣ አሁን ደግሞ በእኔ ነፍስህን ልታድን ትፈልጋለህ የሚል ትርጉም ያለው ነገር ትነግረዋለች። ደንግጦ ይወጣል።

በማግስቱ ግን ይመለሳል። ስለ ጉዳይዋ ከቢሮ ቢሮ ይንከራተታል፤ የአባቶቹን መሬት ለገበሬዎቹ ይለቃል፤ እስረኞቹ ወደ ሳይቤሪያ ሲነዱ ተከትሎ ይሄዳል። ማስሎቫ ከመጠጡ ትላቀቃለች፣ ሰው ትሆናለች፤ ፍርዷም ይቀልላታል። ያኔ፣ አንባቢ አሁን ትጋባው ይሆናል ብሎ ሲጠብቅ፣ ሲሞንሰን የሚባለውን ሌላ እስረኛ መርጣ ከእሱ ጋር ትቀራለች። ኔክልዩዶቭም ተሰናብቷት ብቻውን ይወጣል።